የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን በክሊራንስ ፊርማ ብቻ አንሸኝ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአራዳ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የማስተምር መምህርት ነኝ። ስለ 12ኛ ክፍል በጋዜጦቻችን ብዙ ይጻፋል፤ የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ፈተናው፣ ስለ ውጤቱና ስለ ዩኒቨርሲቲ ምደባው ነው። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ ስለሚመጣውና እምብዛም ስለማይነሣው ጉዳይ፣ ማለትም ተማሪዎቹ ትምህርት ቤቱን ለቅቀው ሲወጡ እኛ አስተማሪዎቻቸው ከእነሱ እንዴት እንደምንለያይ ለመናገር ነው። ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪዎቻቸውን በወግ መሸኘት ትተዋል፤ ስለዚህ በየዓመቱ የትምህርት ካላንደር ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ቀን ለሽኝት እንዲያዝ እጠይቃለሁ።

አሁን ያለው አካሄድ ምን እንደሚመስል 12ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ለሌላቸው አንባቢዎች ላስረዳ። ግንቦት ላይ መደበኛው ትምህርት ይጠናቀቅና ክለሳና ሞዴል ፈተና ይቀጥላል። ሞዴሉ ካለፈ በኋላ ብዙዎቹ ቤታቸው ወይም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ማጥናትን ስለሚመርጡ፣ በተለይም አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የእኛ ሰፈር ልጆች ውሏቸውን እዚያ ስላደረጉ፣ ክፍሉ ከቀን ወደ ቀን እየሳሳ ይሄዳል። ማን በየትኛው ቀን እንደቀረ ሳይታወቅ አንድ ጠዋት ስንገባ ጥቂት ልጆች ብቻ ተቀምጠው እናገኛለን። ከዚያ ክሊራንስ ይመጣል። ተማሪው የተዋሰውን መማሪያ መጽሐፍ መልሶ፣ ከቤተ መጻሕፍት፣ ከቤተ ሙከራና ከንብረት ክፍል ዕዳ እንደሌለበት እያስፈረመ ከዞረ በኋላ የክፍል ኃላፊውን፣ እነሱ እንደሚሉት ሆምሩሙን፣ ፍለጋ ይመጣል። «ቲቸር፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» ይላል። ከኋላው ሰልፍ አለ። እፈርማለሁ፤ «በርታ» እለዋለሁ፤ ይሄዳል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ስሙን ስጠራው ከኖርኩት ልጅ ጋር የመጨረሻው ንግግራችን ይህ ሆኖ ይቀራል።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ብሔራዊው ፈተና በየትምህርት ቤቱ ወይም በአቅራቢያ ባለ ሌላ ትምህርት ቤት በሚሰጥበት ጊዜ የፈተናው ቀናት ራሳቸው የሽኝት ቀናት ነበሩ። ጠዋት በር ላይ ቆመን እናስገባቸዋለን፤ እርሳስ የረሳ ይሰጠዋል፤ ቁርስ ሳትቀምስ የመጣችው ከፊቷ ስለምትታወቅ ዳቦ ይፈለግላታል፤ በሁለት ፈተና መካከል ዛፍ ሥር ተሰብስበው መልስ ሲያመሳክሩ ስናገኛቸው «ያለፈውን ተዉት፣ ለሚቀጥለው ተዘጋጁ» ብለን እንበትናቸዋለን። የመጨረሻው ወረቀት ሲሰበሰብ እዚያው ግቢ ውስጥ ተቃቅፈው ሲያለቅሱም ሲስቁም እኛ አጠገባቸው ነበርን። በግንቦት 2008 ዓ.ም. ፈተናው ተሰርቆ በመውጣቱ በተጀመረበት ዕለት መቋረጡ፣ ከዚያም በኋላ ስርቆቱና ኩረጃው መደጋገሙ ለውጥን አስገደደ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች አንሥቶ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ ተማሪዎቹ እዚያው እያደሩ፣ ስልክ ሳይዙ፣ በማያውቋቸው ፈታኞች ፊት የሚሰጥ ሆነ፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከፊሉ በኮምፒውተር ይፈተናል። ይህን ለውጥ እደግፋለሁ፤ የተሰረቀ ፈተና ሌት ተቀን ያጠናውን ልጅ እንዴት እንደሚያስለቅሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ፈተናው ከግቢያችን ሲወጣ ስንብቱም አብሮት ወጥቷል፤ በቦታው የተተካ ነገርም የለም።

መምህር ከተማሪዎቹ ሲለይ ምን ይሰማዋል ቢባል፣ እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ የሚሰማው እፎይታ ነው። ዓመቱን ሙሉ የጠመኔ አቧራ ስንተነፍስ፣ የሚታረም ወረቀት ተሸክመን ታክሲ ስንጋፋ፣ ከኋላ ወንበር የሚመጣውን ወሬ በድምፃችን ልናሸንፍ ስንሞክር የከረምን ሰዎች ሰኔ ሲደርስ ትንፋሽ ብንስብ ነውር አይደለም። ትካዜው የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ባላሰብነው በኩል። ጎበዝ የሚባሉት ልጆች ሲሄዱ ደስ ይለኛል እንጂ ብዙም አልተክዝም፤ የት እንደሚሄዱ ያውቁታል፤ የሚገፋፋቸውም ሰው አላቸው። የሚያብሰለስሉኝ ሌሎቹ ናቸው። ጥያቄዋን ሁልጊዜ ደወል ከተደወለ በኋላ፣ ጓደኞቿ እስኪወጡ ጠብቃ ብቻ የምትጠይቀኝ ልጅ በሚመጣው ዓመት ብዙ ሰው በታጨቀበት አዳራሽ ውስጥ ማንን ትጠይቃለች? የልብን ክፍሎች ከመማሪያ መጽሐፉ ሥዕል አሳምሮ እየሳለ ፈተና ላይ ግን ስማቸውን መጻፍ የሚያቅተው ልጅ፣ ያንን እጁን የሚያይለት ሰው የት ያገኛል?

ከሁሉ ይበልጥ የሚከፋኝ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የተጣላሁት ልጅ ሲሄድ ነው። ወላጅ አምጣ ያልኩት፣ ከክፍል ያስወጣሁት፣ የዝግመተ ለውጥን ምዕራፍ ስናነሣ «ቲቸር፣ እርስዎ ግን ያምኑበታል?» ብሎ ክፍሉን ያሳቀብኝ፣ መልሴንም ሳያምን የተቀመጠ ልጅ አለ። ከእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ ጋር የጀመርነው ክርክር አላለቀም፤ እሱም አዋቂ ሆኖ፣ እኔም ተቆጪነቴን ትቼ የምንጨርሰው ይመስለኝ ነበር። ክሊራንሱን ሲያስፈርም ግን ዓይኔን እንኳ ሳያይ ወረቀቱን ይዞ ይሮጣል፤ እኔም ከኋላው ያሉት ስለሚጠብቁኝ አልጠራውም። የሥራ ባልደረቦቼን ስጠይቃቸው ብዙዎቹ የማይረሱት ተማሪ አስቸጋሪው እንደሆነ ይነግሩኛል።

በዚህ ላይ አንድ ጭንቀት ይጨመራል። «በርታ፣ ታልፋለህ» ስል የምናገረውን እኔም ተማሪውም በሙሉ ልባችን አናምነውም። አገር አቀፉን ውጤት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ከፍ እያለ መምጣቱ ደስ ያሰኛል፤ አዲስ አበባም ከአገሪቱ አማካይ የተሻለ ውጤት እንዳላት ይታወቃል። ቢሆንም በአገሪቱ አማካይ ብናሰላው፣ 60 ተማሪዎች ከሚቀመጡበት አንድ ክፍል ውስጥ ያለፉት በ2014 ሁለት፣ በ2017 አምስት ልጆች ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ሰኔ ላይ ፊቴ የሚቆሙት ልጆች አብዛኞቹ አዲሱን ዓመት በሐዘን እንደሚቀበሉት እያወቅሁ ነው የማበረታታቸው። ውጤት ሲወጣ ያለፉት ነጥባቸውን በቴሌግራም ይልኩልኛል፤ ያልተሳካላቸው ዝም ይላሉ፤ ዝም ያሉትን እኔ በየስማቸው አውቃቸዋለሁ። ከእነዚህ ውስጥ የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ገብተው በኋላ ዩኒቨርሲቲውን የተቀላቀሉ፣ ተግባረ ዕድ ወይም እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ሙያ ተምረው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ አሉ። ይህን የምሰማው ግን ከዓመታት በኋላ፣ እሱም በአጋጣሚ ነው።

ብዙ ትምህርት ቤቶች ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ተማሪዎቻቸውን ፎቶ በትልቅ ባነር አሳትመው በራቸው ላይ ይሰቅላሉ። ልጆቹ ደክመውበታልና አይገባቸውም አልልም። ነገር ግን በዚያው በር ትራንስክሪፕት ለማስወጣት አንገቱን ደፍቶ የሚገባውን ሌላውን ተማሪ አስቡት፤ ለእሱ ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ መስኮትና አንድ ማኅተም ብቻ ነው። ሽኝቱ ከውጤት በፊት መሆን አለበት የምለው ለዚህ ነው። ውጤት ከወጣ በኋላ የሚደረግ ማንኛውም ዝግጅት ያለፉት ዝግጅት ይሆናል፤ ሁሉም የ12ኛ ክፍል ተማሪ ተብለው እኩል የሚቆሙት ከዚያ ቀደም ብሎ ነው።

«ከተማው አንድ ነው፤ መገናኘታችሁ የት ይቀራል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ይህ ቀድሞ እውነት ነበር። የመሐል አዲስ አበባ መምህር ከተማሪዎቹ ጨርሶ አይለይም ነበር፤ ፒያሳ ኬክ ቤት፣ አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ጊዮርጊስ ደጅ፣ ልቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት ያገኛቸዋል፤ እኛ ጋ የተማሩ እናቶችም ልጆቻቸውን እኛው ጋ ያስመዘግቡ ነበር። አንድ ልጅ ዝም ቢለኝ ታላቅ እህቱን መንገድ ላይ አገኝና «እንዴት ሆነ?» እላታለሁ፤ እሷም ሰላምታዬን ታደርሳለች። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳና ከአራት ኪሎ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከካዛንቺስ ብዙ ቤተሰቦች በኮሪደር ልማቱና በመልሶ ማልማቱ ምክንያት ተነሥተው ገላን ጉራን ወደ መሳሰሉ የከተማዋ ዳር መንደሮች ሄደዋል። ልማቱ ራሱን የቻለ ክርክር ስላለው እዚህ አልገባበትም። ለዚህ ደብዳቤ የሚያስፈልገኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ትምህርታቸውን ላለማቋረጥ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው በአውቶቡስ እየተመላለሱ 12ኛን የጨረሱ ልጆች አሉን፤ ከክሊራንሱ ወዲያ ግን ወደዚህ ሰፈር የሚያመጣቸው ጉዳይ የለም። እህትየውም ከእነሱ ጋር ሄዳለች። ሰፈሩ ይሸፍንልን የነበረውን ትምህርት ቤቱ በራሱ ማድረግ ያለበት ጊዜ ላይ ደርሰናል።

ተማሪዎቹ ክፍተቱን ቀድመው አይተውታል። በመጨረሻዎቹ ቀናት የዩኒፎርም ሸሚዛቸው ላይ በእስክሪፕቶና በማርከር ይፈራረማሉ፤ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከለር ዴይ፣ ክሬዚ ዴይ እያሉ የራሳቸውን ቀን ያውላሉ። ብዙ ርእሳነ መምህራን ይህን በሥርዓት አልባነት ስለሚያዩት ይከለክሉታል፤ ጥበቃውም ማርከር ሲፈትሽ ይውላል። እኔም ቀለም መረጫጨቱንና መንገድ መዝጋቱን አልወደውም፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እየተጋነነም መጥቷል። ሸሚዝ ላይ መፈራረሙ ግን ምን ያጠፋል? እንደገና የማይለበስ ሸሚዝ ነው። አንድ ልጅ ጀርባውን ሰጥቶኝ «ቲቸር፣ አንድ ነገር ይጻፉልኝ» ሲለኝ፣ ከክሊራንስ ወረቀቱ ይልቅ እዚያ ላይ የምጽፈውን አስቤበት ነው የምጽፈው።

የግል ትምህርት ቤቶች በበኩላቸው በሌላኛው ጽንፍ ናቸው። አዳራሽ ይከራያሉ፣ ጋዋን ያለብሳሉ፣ መጽሔት ያሳትማሉ፣ ለዚህም ሁሉ ወላጅ ይከፍላል። መዋዕለ ሕፃናት የጨረሰ ልጅ ቆብ ወርውሮ ፎቶ ሲነሣ ማየት ለአያቶቹ ደስታ ሊሆን ይችላል፤ እኔን ግን ልብሱ ከልጁ እንደሚበልጥ ሁሉ ድግሱም ከነገሩ ይበልጥብኛል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ይህን ይከተል አልልም። ገንዘብ መዋጣት ከጀመረ የማይከፍለው ልጅ በሽኝቱ ቀን ይቀራል፤ ሊቀርብን የማይገባው ልጅ ደግሞ እሱ ነው።

በወግ መሸኘት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ለዓመታት በየኔታ እግር ሥር የተቀመጠ ደቀ መዝሙር ሲያበቃ በጉባኤው ፊት አስመስክሮ፣ በመምህሩ ተመርቆ ነው የሚሄደው፤ የድጓ ዜማ ተማሪ ጎንደር ውስጥ እስካለችው ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ዜማ ተማሪ እስከ ዙር አምባ ተጉዞ ምስክርነቱን ያገኛል። ቁርኣን ያኸተመ ልጅም ቤተሰቡና ጎረቤቱ ተሰብስቦ ዱዓ ያደርግለታል። ስንቅ ሳይቋጠርለት፣ በትልቅ ሰው አፍ ሳይመረቅ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ልጅም አናውቅም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን፣ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ከተከፈተ ከመቶ ዓመት በላይ የተጓዘው ተቋማችን፣ ልጆቹን በምን ሥርዓት እንደሚያሰናብት አሁንም ለየርእሰ መምህሩ ፈቃድ የተተወ ነው።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። የከተማው ትምህርት ቢሮ በየዓመቱ በሚያወጣው ካላንደር ውስጥ፣ ከሞዴል ፈተናው በኋላና ክሊራንስ ከመጀመሩ በፊት አንድ ግማሽ ቀን ለ12ኛ ክፍል ሽኝት ይያዝ። ተማሪዎቹ በዩኒፎርማቸው፣ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አስከትለው፣ በሰልፍ ሜዳው ላይ ይቁሙ። የየክፍሉ ኃላፊ እያንዳንዱን ተማሪ በሙሉ ስሙ ይጥራ፤ የተጠራው ወጥቶ አስተማሪዎቹን ይጨብጥ። በዕድሜ የገፋ መምህርና የወላጆች ተወካይ ይመርቋቸው። ከዚህ በፊት የተመረቁ፣ ዩኒቨርሲቲ የገቡትም ሙያ የያዙትም፣ ጥቂት ይናገሩ፤ ሚኒ ሚዲያውም ሥራ ያገኛል። ቡናና ዳቦ ካለ ጥሩ፤ ከሌለም ግድ የለም። ሸሚዝ መፈራረሙም በዚያው ቀን፣ በዚያው ሜዳ ላይ፣ እኛው ባለንበት ይሁን፤ ያን ጊዜ ጥበቃው ማርከር መፈተሹ ይቀርለታል።

ከዚህ ሌላ አንድ ነገር ብጨምር ደስ ይለኛል። የክፍል ኃላፊው ለእያንዳንዱ ተማሪ ከውጤት ካርዱ ተለይቶ፣ ልጁ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የሚገልጽ ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ጽፎ ይስጠው። በክፍላችን ብዛት ይህ ቀላል ሥራ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ባልደረቦቼም ይህን ሲያነብቡ እንደሚያጉረመርሙብኝ አልጠራጠርም። ነገር ግን ካርዱ ላይ በባዮሎጂ 47 ያለው ልጅ የታመመ ጓደኛውን ደብተር ለወራት ሲገለብጥ እንደኖረ የሚያውቅ ሰው እኛ ብቻ ነን፤ ሥራ ፍለጋ ሲሄድም ቢሆን ከቁጥሩ ሌላ የሚያሳየው ወረቀት ያስፈልገዋል።

ሁለት ተቃውሞ እጠብቃለሁ። አንደኛው የሥርዓት ጉዳይ ነው፤ ተማሪ ተሰብስቦ ከወጣ መንገድ ላይ ይረብሻል ይባላል። እኔ እንደማየው ረብሻው የሚበረታው ተማሪዎቹ ከግቢ ውጭ፣ ያለ ወላጅና ያለ መምህር ሲሰበሰቡ ነው፤ እናቱ አጠገቡ የቆመች ልጅ ቀለም አይረጭም። ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ለፈተና በሚዘጋጁበት ወቅት ግማሽ ቀን መውሰድ ያባክናል የሚሉ አሉ። በዚያ ሳምንት ክፍሎቻችን ባዶ መሆናቸውን ከላይ ገልጫለሁና በዚህ ላይ ብዙ አልጨምርም።

ውጤት ከወጣ በኋላ ደግሞ 50 በመቶ ያላመጡት ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤታቸው ተጠርተው ስለ አቅም ማሻሻያው፣ ስለ ቴክኒክና ሙያ ተቋማት፣ በግል ተፈታኝነት እንደገና ስለመቀመጥ ከሚያውቋቸው መምህራን ጋር የሚመካከሩበት ቀን ቢኖር መልካም ነበር። ይህ ግን ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋልና ለሌላ ጊዜ ላቆየው።

የሚመጣው ዓመት ካላንደር ሳይጸድቅ ይህ ሐሳብ ለሚመለከታቸው እንዲደርስ ደብዳቤዬን ብታወጡልኝ አመሰግናለሁ። ይህን ሽኝት በራሳቸው ተነሣሽነት የሚያደርጉ ትምህርት ቤቶች በከተማችን እንዳሉ እገምታለሁ፤ መምህራኖቻቸው እንዴት እንደሚያከናውኑት፣ በተለይም ብዙ ተማሪ ባለበት ግቢ የስም ጥሪውን በግማሽ ቀን እንዴት እንደሚያዳርሱት በዚሁ አምድ ቢጽፉልን፣ እኛም ለርእሰ መምህራችን የምናቀርበው ተጨባጭ ነገር ይኖረናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ መምህርት
አዲስ አበባ፣ አራዳ ክፍለ ከተማ